ቀኙ ሲደርስላት

ልጅ ሳለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ከሆሳዕና ከተማ ወዲያ ባለው የሌሞ መንደራችን ምሽት ምሽት ተረት የሚያወራልን አያታችን ነበር። የደረቀ የእንሰት ቅጠል አንጥፈን፣ የባሕር ዛፉ ጭስ ያስለቀሰውን ዓይናችንን እያሻሸን፣ ፍሙን ከበን እንሰማዋለን። አዲስ ተረት ከመጀመሩ በፊት ግን ከመካከላችን አንዱ የትናንቱን መልሶ መናገር ነበረበት። ያ ተራ ያኔ የታላቅ እህቴ የአስቴር ነበር። እኔ ጅቡን ከዝንጀሮው ሳምታታ እሷ አንዲት ቃል አትጥልም፤ አያታችንም «ይቺ ልጅ ቆጥ ናት፣ የሰቀሉባት አይወድቅም» ይላት ነበር።

አስቴር ሕፃን ሳለች ያደረባት በሽታ ቀኝ ክንዷን አድርቆት ነበር።

ያኔ ትምህርት ቤት ለመግባት የልደት ወረቀት የሚጠይቅ የለም፤ ልጁ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ የማዶ ጆሮውን ከነካ ደርሷል ማለት ነው። አባታችን አስቴርን ሲያመነታባት ከርሞ እኔ ለትምህርት በደረስኩበት ዓመት ሁለታችንንም ወሰደን። እሷ ግራ እጇን አሻግራ ጆሮዋን ሙሉውን ጨበጠችው።

«በቀኝ» አሉ መምህሩ።

«ጌታዬ፣ ግራውም የሷው እጅ ነው» አለ አባቴ።

«በግራ አናስጽፍም። ቀኙ ሲደርስላት አምጣት።»

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ራሷን ዳበስ አድርገው ነው የመለሷት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ፤ ጣቴ የጆሮዬን ጫፍ ለጥቂት ነካ፣ ተመዘገብኩ።

ያን ምሽት አያታችን «በይ እስቲ የትናንቱን» አላት። ፍሙን እያየች «ረሳሁት» አለች። እንዳልረሳች ሁላችንም አውቀናል። ከዚያ ወዲህ ተራው የኔ ሆነ፣ እያምታታሁም ቢሆን ተናገርኩ።

አድጌ ፎንቆ አጠገብ አስተማሪ ሆንኩ። አንድ መስከረም ቀኝ ክንዱ የሰለለ ልጅ ፊቴ ቆሞ ግራ እጁን አነሳ። «በቀኝ» አልኩት። አባቱ አመስግኖኝ ልጁን ይዞ ሄደ፤ እኔም ብዕሬን ቀለም ውስጥ ነክሬ ቀጣዩን ጠራሁ። ማታ እራቴን በልቼ ተኛሁ። ምንም አልተሰማኝም፤ ዛሬ የሚከብደኝም ይኸው ነው።

ልጆቼ ተረት ንገረን ሲሉኝ አንዱንም እስከ መጨረሻው አልዘልቀውም። ተረቶቹ ሁሉ አስቴር ዘንድ እንዳሉ አውቃለሁ። ንገሪኝ ብዬ ግን ጠይቄያት አላውቅም።