የዳማ ልብ በማሻ መንገድ

ከሚዛን ተፈሪ ስነሳ ዝናቡ አላባራም ነበር። በቦርሳዬ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ የልብ ምት መመዝገቢያ፣ ጓንት፣ መርፌና በፎጣ የጠቀለልኳቸው ብልቃጦች ይዣለሁ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የምሄደው ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች መንደር ነው። ወይዘሮ ዘነበች የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ከአንድ ቀን በፊት ደውለውልኝ ነበር። ውሻቸው ዳማ ድንገት እየወደቀ አረፋ ይደፍቃል። ጎረቤቶቻቸው አብዷል ብለው ሊገድሉት ተስማምተዋል።

«ሲወድቅ ቆይቶ ይነሳል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወዲያው ይነሳል፤ ይበላል፤ ያውቀኛል። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ልጄ።»

የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ይህን ያህል አይቆይም። የጠረጠርኩት ልቡን ነው። እንደዚያም ሆኖ ሌሊቱን በደንብ አልተኛሁም።

እስከ ቴፒ

የተሳፈርኩበት አባዱላ ሚኒባስ ሸኮን ካለፈ በኋላ መንገዱ ጭቃ ሆነ። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ውሃ የበላው ቀይ አፈር። አንድ የጭነት መኪና ጎኑን ለገደሉ ሰጥቶ ቆሟል። ሾፌራችን ሬዲዮውን ዘጋ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በሸክኛ መሰለኝ ሲጸልዩ ነበር። እኔ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ ስለ ብልቃጦቹ አስብ ነበር።

በብልቃጦቹ ያለው መድኃኒት ቤታ ብሎከር ከሚባሉት ነው፤ ልብን ያዘገያል። ልብ ከመጠን በላይ ሲሮጥ ምቶቹ ተደራርበው ከየትኛው ክፍል እንደተነሱ አይለይም። ለአጭር ጊዜ ሲዘገይ ግን ምስጢሩ ሊወጣ ይችላል። የልቡ ጡንቻ የደከመ እንስሳ ላይ ከሆነ ግን ያው መድኃኒት ሊገድለው ይችላል። በክሊኒክ ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር ሆኜ ሰጥቼ አውቃለሁ። ብቻዬን፣ ያውም በሜዳ ላይ፣ ሰጥቼ አላውቅም።

ቴፒ ላይ ሙቀቱ ተቀበለኝ። ገበያው ዳር እርድና ኮረሪማ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ሽሮ አዝዤ ግማሹን ተውኩት። አናናስ ገዝቼ በሞተር ወደ ማሻ አቅጣጫ ወጣሁ። ዳገቱ እየጨመረ ሲሄድ ጭጋጉ ጫካውን ዋጠው። ባለሞተሩ በየጠመዝማዛው ጥሩንባ ይነፋል።

«ለውሻው ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንዳይነክስሽ፣ እህቴ። እዚያ ሰው ሁሉ ፈርቷል።»

መንደሯ

የወይዘሮ ዘነበች ቤት ከጫካው ጋር የተያያዘ ነው። ጓሯቸው ቡናና እንሰት፣ ከዚያ በኋላ ዛፍ ብቻ። ከርከሮና ዝንጀሮ ሲመጣ የሚያባርርላቸው ዳማ ነው። ደጃፋቸው ላይ አምስት ስድስት ወንዶች ዱላ ይዘው ቆመዋል። ከፊት ያሉት ጎረቤታቸው አቶ ወንድሙ ናቸው።

«ዶክተር፣ እኛ ክፉ ሰዎች አይደለንም» አሉኝ። «ልጆች አሉን።»

ፍርሃታቸው ገባኝ፤ እኔም ጓንቴን ደርቤ ነው ያጠለቅኩት።

ዳማ ዱላውን ሲያይ ተነስቶ ጮኸ፤ ሁለት እርምጃ ሮጦ በጎኑ ወደቀ። ወንዶቹ ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ሮጥኩ። ድዱ ገርጥቷል፤ ዓይኑ ግን ወዲያው ተከፈተና ወይዘሮ ዘነበችን ፈለገ። በእንሰት ቅጠል ላይ አስተኛነው። የመመዝገቢያውን ሽቦዎች ሳገናኝበት ስልኬ ላይ መስመሮቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተጠጋግተው መጡ።

«አቶ ወንድሙ፣ እጅዎን ደረቱ ላይ ያሳርፉ» አልኳቸው።

አመነቱ። ከዚያ ቀስ ብለው ነኩትና እጃቸውን ድንገት አነሱ። «ይሄ ልብ ነው ወይስ ሞተር?»

ለወይዘሮ ዘነበች እውነቱን ነገርኳቸው። «ይህ መርፌ ልቡን ያዘገያል፤ ያኔ በሽታውን ልለይ እችላለሁ። ግን ልቡ ደክሞ ከሆነ እጄ ላይ ሊሞት ይችላል። ተዪው ካሉኝ አልቀየምም።»

የዳማን ጆሮ ዳሰሱ። ከዚያ ወንዶቹን አዩ።

«በዱላ ተቀጥቅጦ ከሚሞት በአንቺ እጅ ይሙት። ውጊው።»

አቶ ወንድሙ ዱላቸውን ጥለው የኋላ እግሩን ያዙልኝ። ደም ሥሩን አገኘሁ። መድኃኒቱን ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሰጠሁ። ለውጥ የለም። ጥቂት ጨመርኩ።

መስመሩ ቀጥ አለ።

ገደልኩት ብዬ አሰብኩ። «ሞተ?» አሉ አቶ ወንድሙ በሹክሹክታ። ጣቴ የዳማ ጭን ላይ የደም ምቱን ይፈልግ ነበር።

አንድ ምት መጣ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ የተራራቁ፣ ሥርዓት ያላቸው ምቶች፣ ከእያንዳንዱ ፊት የልቡን የላይኛ ክፍል ምት የምታሳይ ትንሽ ሞገድ ተለይታ። ሩጫው ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንዴ መቆረጡ የምፈልገው መልስ ነበር፤ ሩጫው የሚነሳው ከልቡ የላይኛው ክፍል ነው፤ በኪኒን ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። ዳማ በረጅሙ ተነፈሰና የወይዘሮ ዘነበችን እጅ ላሰ።

ለተሰበሰቡት ይህ የእብድ ውሻ በሽታ እንዳልሆነ አስረዳሁ። ክትባቱ ግን ለመንደሩ ውሾች ሁሉ እንደሚያስፈልግ ነገርኳቸው። የመርፌው ኃይል በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ሩጫው ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለሰው ልብ የሚታዘዘውን ኪኒን በባለሞተሩ ከቴፒ ፋርማሲ አስመጥቼ እንዴት እየቆረሱ እንደሚሰጡት ለወይዘሮ ዘነበች አሳየኋቸው። ቢዝል ወይም ምግብ እንቢ ቢል ወዲያው እንዲደውሉ አደራ አልኩ።

መመለስ

ቴፒ አድሬ በማግስቱ ሚዛን ገባሁ። የመንገዱ ጭቃ ያው ነው፤ ገደሉም ያው። ፍርሃቴ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ያ ቀጥ ያለ መስመር ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ይመጣል። ያም ሆኖ ይህ ጉዞ አንድ ነገር አስተማረኝ፦ የምፈራውን ለውሻው ባለቤት በግልጽ መናገር ሥራዬን አላሳነሰውም፤ ሸክሙን ለሁለት አካፈለው እንጂ። ዳማን ሊያስገድለው የነበረውም የልቡ ሕመም ብቻ አልነበረም፤ የሕመሙ አለመታወቅ ጭምር ነበር።

ባለቤቴ በር ላይ ቦርሳዬን ተቀበለኝና «ዳነ?» አለኝ።

«አልዳነም» አልኩት። «ሕመሙ ግን ታወቀ።»