የቀድሞው ጌታ ጫማ

አባታችን ሁክማራም በዳሰራ በዓል ሰልፍ ከንጉሣችን ከቢርጋድ ማሃራጃ ፊት ፊት እየሄደ ማዕረጉን በጩኸት የሚጠራ ሰው ነበር። አንድ ዓመት እርጅና ተጫጭኖት ከማዕረጎቹ አንዷን ዘለላት። ማሃራጃው ያኔ ገና ጎረምሳ ነው። ጫማውን አውልቆ አባቴን በጥርሱ አስነከሰውና ገበያውን ዙር አለው። እኔ ሕፃን ሆኜ አይቻለሁ። አባቴ ቤት ገብቶ አፉን ታጠበ፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠይቆ አያውቅም። ክረምቱ ሳያልፍ ሞተ።

ኋላ የሕንድ መንግሥት የነገሥታቱን ማዕረግ በሕግ ሻረ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የእኛው ጌታ ግን ተሾሞም በላ፣ ተሽሮም በላ። ቤተ መንግሥቱን ሆቴል አድርጎ ፈረንጅ ሞላበት። ለፈረንጆቹ መደሰቻ ደግሞ የዳሰራውን ሰልፍ መልሶ አስጀመረና፣ የአባቱ ድምፅ አለው ብሎ ወንድሜን ኬማራምን አስጠራው። ወንድሜም እሺ አለ።

"ያ ጫማ ከአባትህ አፍ የወጣ መስሎሃል?" ብዬ ጮህኩበት።

"ጌንዲ እህቴ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዝም ብለሽ እዪ" አለኝ።

ለካ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ፣ ከማሃራጃው ፎቶ ሥር፣ አንድ ቃል አግኝቶ ኖሯል። ይዞት ወደ ሽማግሌው አስተማሪ ወደ ማቱር ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

"ኧርስትዋይል" ብለው አነበቡ ማቱር። "የቀድሞ ማለት ነው። ግን ካባ የደረበ 'የቀድሞ' ነው። አንተ ከሥራ ብትባረር ይህን ቃል ማንም አያባክንብህም። ለተሻረ ንጉሥ፣ ለፈረሰ አገር፣ ለከዳ ወዳጅ ነው የሚያወጡት። ሁልጊዜም ከስሙ ፊት ይሄዳል።"

"እንደ እኔ ፊት ፊት?"

"እንዳንተ። አንተ ልጅ፣ ምን አስበሃል?"

በዳሰራ ቀን ኬማራም ደረቱን ነፍቶ "ኧርስትዋይል ማሃራጃ!" ሲል ርግቦቹ ከጣሪያ ተነሡ። ሕዝቡ ይስቃል ብለን ጠበቅን። ሕዝቡ ጭራሽ ከወትሮው ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ! ፀጉር አስተካካዩ ፉሳራም ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሰማሽ? ከዴልሂ አዲስ ማዕረግ መጥቶለታል" አለኝ። በጥፊ ባጮልኩት ደስ ባለኝ።

ማሃራጃው ግን እንግሊዝ አገር የተማረ ነው፤ ገብቶታል። ፈገግ ብሎ በሰው ሁሉ ፊት ለወንድሜ የሐር ጥምጥም ሸለመው። "ግሩም ጠራኸኝ፤ ለከርሞም እንዲሁ በለኝ" አለው።

ኬማራም ቤት ሲገባ ጥምጥሙን ለፍየሏ ወረወረላት። "ስድቤን እንደ ሽቶ ተቀባው!" እያለ አለቀሰ።

"የሰው ቋንቋ ተውሰህ ትሳደባለህ እንዴ?" አልኩት። "ምላስ የለህም? በራሳችን ንገረው።"

በዓመቱ ሰልፉ እንደ ልማዱ ከከተማው ውጭ ካለው ቅዱስ የኬጅሪ ዛፍ ደረሰ። ማሃራጃው ለዛፉ ሊሰግድ ጫማውን አወለቀ፤ እስኪጨርስ ጫማውን የሚይዘው ማዕረግ ጠሪው ነው። ሰግዶ ሲነሣ ጫማውን እንዲያጠልቅለት እግሩን ዘረጋ። ወንድሜ ጫማውን አሸዋው ላይ አስቀመጠና፣ ገበሬው ሁሉ በሚሰማው በገዛ ቋንቋችን ጮኸ፦

"የነበረው ማሃራጃ! ዘመን ያለፈበት! ጫማህ ያውልህ!"

አንተ አለው። በመንደራችን ማንም አንተ ብሎት አያውቅም።

"ኬማ፣ አብደሃል? ጫማውን አምጣ!" አለ ማሃራጃው።

"በእጄ ነው ወይስ እንደ ሁክማራም በጥርሴ?"

ማሃራጃው ወደ ፉሳራም አየ፤ ፉሳራም መሬት መሬቱን ያያል። ሌላውን አየ፤ ሌላውም ያው። የሚያጎነብስለት ሲያጣ አንድ እግሩን አነሣና፣ ዕድሜ ልኩን እንደለመደው፣ ትከሻ ፍለጋ እጁን ሰደደ። ወንድሜ ዘወር አለ። ያረጀው ማሃራጃ ተንገዳግዶ አሸዋው ላይ ቁጭ አለ፤ እዚያው እንደተቀመጠ፣ እንደ ማናችንም፣ ጫማውን በገዛ እጁ አጠለቀ። ፈረንጆቹ ፎቶ ያነሡታል።

አሳዘነሽ ወይ ይሉኛል። አላሳዘነኝም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"ታዲያ የዚያ የአምናው ማዕረግ ትርጉሙ ይሄ ነበር እንዴ?" አለኝ ፉሳራም በመንገድ ላይ። እኔ ወንድሜን እየተከተልኩ ነበር። ኬማራም በቀጥታ ወደ ገበያው ሄደ። አባታችን ጫማ ነክሶ የዞረውን ዙር፣ በዚያው በኩል ጀምሮ ዞረው፤ ባለ በሌለ ድምፁ "ሁክማራም! ሁክማራም!" እያለ። ከስሙ ፊት ምንም ቃል አላስቀደመም።