ያስና በሁስቢ አዳራሽ የዘፈነች ዕለት

ባለፈው ሳምንት አንድ ቲያትር ቤት ስገባ የረጠበ የሱፍ ካፖርትና የወለል ሰም ሽታ ተቀበለኝ፤ ወዲያው በሐሳቤ ልጅ ሆኜ፣ ያኔ ስዊድን ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር በሁስቢ አዳራሽ፣ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ያስና ጎረቤታችን ነበረች። ጦርነቱ ከቦስኒያ ካፈናቀለው የኦፔራና የባሌት ቡድን ጋር መጥታ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ትኖር ነበር። ከእናቴ ጋር የሚገናኙት በሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ በትቬትስቱጋው ነው፤ አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው እያጠፉ በተሰባበረ ስዊድንኛ ያወራሉ። አንድ ቀን ያስና ጉሮሮዋን ነክታ ነገረቻት፦ ከሸሸች ወዲህ ድምፅዋ ዘፈኑ መሀል ላይ ይቆምባታል። ቅዳሜ በአዳራሹ ስትዘፍን ደግሞ ከቆመባት፣ ከእንግዲህ መድረክ ላይ አትወጣም።

እናቴ ጴንጤ ናት፤ ዘፈን ቤታችን አይገባም። ብዙ ካሰበች በኋላ፣ "ስለ ምንድን ነው የምትዘፍኚው?" አለቻት።

"ስለምትጸልይ ሴት።"

እናቴ ይህን ሰምታ ቅዳሜ የጸሎት ጓደኞቿን ሁሉ ይዛ ወደ አዳራሹ መጣች።

መጀመሪያ ባሌቱ ነበር። ስስ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች ኮቴያቸው ሳይሰማ ሲንሳፈፉ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ አንገታቸውን ደፍተው የገዛ ጫማቸውን ያዩ ነበር።

"ጋሼ፣ አለቀ፤ ቀና ይበሉ" አለቻቸው ከእናቴ የጸሎት ጓደኞች አንዷ እትዬ አልማዝ፣ ሳቋን አፍና።

ከዚያ ያስና ወጣች። ውጭ በረዶው ወደ ታች ይወርዳል፣ ድምፅዋ ወደ ላይ ይወጣል፤ እኛ መሀል ላይ የተንጠለጠልን መሰለኝ።

"ምን እያለች ነው?" አለች እናቴ በሹክሹክታ።

"ጣልያንኛ ነው፣ እማዬ፤ አላውቅም።"

"አንቺ ደግሞ፣ ምኑን ተማርሽው!"

ያኔ ድምፅዋ ቆመ። ፒያኖው ብቻውን ጥቂት ሄዶ እሱም ዝም አለ። ስዊድኖቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ዘማሪዋን እንባ ሲቀድማት ዝም ተብሎ አይታይም።

"ኧረ እናግዛት!" አለች እናቴ፤ እልልታው አዳራሹን ሞላው። "አሜን! ጌታ ይርዳሽ!"

እኔ ከኀፍረት ብዛት ፊቴን እናቴ ክንድ ውስጥ ቀበርኩ። ቀና ስል ያስና እየሳቀች ነበር። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ ካቆመችበት ቀጥላም እስከ መጨረሻው ዘፈነችው።

በጋ ሲገባ ቡድኑ ተበተነ፤ ያስናም ወደ ደቡብ ስዊድን ሄደች። እናቴ ግን ዛሬም ልብስ ስትተኩስ ያንን ዜማ ያለ ቃል ታንጎራጉረዋለች። ያስና ያቆመችበት ቦታ ስትደርስ ዝም ትላለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ዝምታው የዜማው አካል ይመስላታል። አንድም ቀን አርሜያት አላውቅም።