የደምበል ኩሬና የጫኔ ቃል

ጫኔን ጅጅጋ ውስጥ አባቱ ባወጣለት ስም የሚጠራው አልነበረም። ሶማሌዎች ለሰው ቅጽል ስም ሳያወጡ አይውሉም፤ ለእሱ «ማላይ» አሉት፣ ዓሣ ማለት ነው። አንድ ቀን መታወቂያ ሊያወጣ ቀበሌ ሄዶ ሙሉ ስሙን ሲናገር፣ ጸሐፊዋ ቀና ብላ «እንዴ፣ ማላይ አይደለህ እንዴ?» አለችኝ እያለ ራሱ ይስቅ ነበር።

የቡሬ ሰው ነው። ወደዚህ አገር የመጣው በደርግ ጊዜ፣ መድኃኒት መርጫ በጀርባው አዝሎ ቤት ለቤት የሚዞር የወባ ሠራተኛ ሆኖ ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ አብረውት የመጡት ዕቃቸውን ጭነው ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ እሱ ቀረ። ለምን እንደቀረ ስጠይቀው «ሶማልኛውን ስንት ዓመት ለፍቼ ተምሬ የት ልሂድ?» ይለኝ ነበር። እኔ ባዮሎጂ ተምሬ በ1988 ጅጅጋ ስመደብ ጠረጴዛ የሰጡኝ ከእሱ ጎን ነው። እኔ ስለ ትንኝ በመጽሐፍ የማውቀውን እሱ በጭልፋ ያውቀዋል። ነጭ ጭልፋውን ኩሬ ዳር ቀስ ብሎ ያጠልቅና፣ ወደ ፀሐይ ዘንበል አድርጎ፣ የሚወራጩትን እጮች ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል።

በ1990 መጀመሪያ ዝናቡ አልቆም አለ። ደረቅ የምናውቀው ሜዳ ሁሉ ረግረግ ሆነ፤ ከዝናቡ ኋላ ወባ ተከተለ። ደምበል በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ ወር የተቀበረውን ሰው ብዛት ሰምተን ስንደርስ፣ ሰው ከቤት የሚወጣው ለቀብር ብቻ ነበር። ከተማው የሚጠጣው ከአንድ ኩሬ ነው፤ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ወለሉና ዳሩ በሲሚንቶ የተለሰነ። ጫኔ ጭልፋውን አጠለቀ። እጩ እንደ ሩዝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ከኤረር ምንጭ የትንኝ እጭ የሚበላ ዓሣ ይዞ ተመለሰ፤ ከጣት ቁመት የማያልፉ፣ ጎናቸው ብርማ የሆኑ ትንንሽ ዓሣዎች። ጀሪካኑን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሞላዋል፣ በረጠበ ማዳበሪያ ይጠቀልለዋል፣ በየመንገዱ መኪናውን እያስቆመ ውሃውን በእጁ ይመታል፣ አየር እንዲገባው። ሲደርስም ወዲያው አይደፋቸውም። ጀሪካኑ የኩሬውን ሙቀት እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት ውሃው ላይ አስሮ ያንሳፍፈዋል።

ያን ግማሽ ሰዓት ከተማው ተሰበሰበ። የደምበል ሰው ዓሣ አይበላም፣ ማየትም አይወድም። ሻይ የምትሸጠው ባቱሎ፣ የኩሬውን ወረፋ የምታስከብረው እሷ ነበረች፣ ወገቧን ይዛ መጣች።

«እሺ፣ ትንኙን ይበላል አልክ። ከበላ በኋላስ የት ነው የሚጸዳዳው? አንተ ቤት መጥቶ?»

ሰው ሳቀ። የባቱሎ ታላቅ ወንድም ሱጉሌ አልሳቁም። የከተማው ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸው ይሰማል።

«ጫኔ፣ ግመል ገብቶ የሸናበትን ውሃ ጠጥተናል» አሉ። «ግመል ግን የእኛ ነው። ይሄንን አናውቀውም።»

ጫኔ ስለ እጭ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ማንም አልሰማውም። ጀሪካኑ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ነበር፤ ዛሬ ካልደፋቸው ይሞታሉ። ያኔ ነው ሽማግሌውን «አዴር»፣ አጎቴ፣ ብሎ ያቺን ቃል የተናገራት፦

«አዴር ሱጉሌ፣ ውሃ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚሞተው ዓሣ ነው። ዓሣ በሕይወት ያለበት ውሃ ሰው አይገድልም። ዓሣዎቹ ዘበኞች ናቸው፤ እነሱን እያያችሁ ጠጡ።»

በጣሳ ቀድቶ ጠጣ፤ ጣሳውን ለሽማግሌው ሰጠ። ሱጉሌ ጣሳውን ተቀብለው «አዴር ካልከኝ ልጄ ነህ። ልጅ አባቱን አይዋሽም» ብለው ጠጡ። ዓሣዎቹ ኩሬው ውስጥ ገቡ።

በወሩ ጭልፋው ባዶ ወጣ። በሚቀጥለው ዝናብ ትኩሳቱ ቀነሰ፣ ከዚያም የልጆች ቀብር የወትሮ ነገር መሆኑ ቀረ። ኩሬው ሊደርቅ ሲል ባቱሎ ጥቂት ዓሣዎች በግማሽ በርሜል ከሻይ ቤቷ ጀርባ ጥላ ውስጥ አስቀምጣ ታከርማለች፤ ሴቶቹ «ያንቺ ግመሎች ደኅና ናቸው?» እያሉ ይቀልዱባታል። ጅጅጋ ደግሞ የጫኔ ሚስት ለተሥላሴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ባነሳች ቁጥር ዓሣ ታገኝበታለች። «እኔ በአንተ ቤት ከዓሣ ቀጥዬ ነኝ» ትለዋለች። ያቺ ቃሉም ተዛመተች። እናት ልጇን ለውሃ ስትልክ «ዓሣዎቹን አይተሽ ቅጂ» ትላለች። በሥልጠና ጽሑፋችን ውስጥ ያሰፈርኳት እኔ ነኝ፤ ደስ ብላኝ ነበር።

በ2009 ድርቁ ሲጠና ኩሬው ከጉልበት በታች ወረደ። ከብት እያለቀ ነው፣ ከየገጠሩ የሸሸ ሰው ደምበል ዳር ሰፍሯል፣ አተት ገብቷል። ማለዳ ደኅና የነበረ ሰው ማታ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ሲቆነጠጥ እንደ ጨርቅ ተጨማዶ ይቀራል። ጤና ሠራተኞቹ ከኩሬው በሚቀዳው በእያንዳንዱ ጀሪካን ክሎሪን እንዲጨመር ቢለምኑ ሰው እንቢ አለ። ለጡረታ አንድ ዓመት የቀረውን ጫኔን ይዤው ሄድኩ፤ እሱን ይሰማሉ ብለን ነው።

ባቱሎ ወረፋው ራስ ላይ ነበረች፤ ፀጉሯ ሸብቷል።

«ኤዶ ባቱሎ፣ በጀሪካን ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው» አላት ጫኔ፤ ኤዶ አክስት ማለት ነው።

«ለምኑ?»

«ለአተቱ።»

«ዓሣዎቹን አየሃቸው?»

«አየኋቸው።»

«ሞተዋል?»

«አልሞቱም።»

«እንግዲያው በረኪናህን ለልብስህ አድርገው።»

ሱጉሌ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ጫኔን በድምፁ አወቁት። ጫኔ ፊታቸው ተንበረከከ።

«አዴር፣ ተሳስቼ ነበር።»

«መቼ?»

«ያኔ። ዓሣ ያለበት ውሃ አይገድልም ያልኩት። ይሄ በሽታ ዓሣን አይነካም፣ ሰውን ነው የሚጥለው። በዓይን አይታይም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንጠጣ የት ነበርክ?»

«ሳልናገር ቀረሁ።»

«ሁለት ቃል ሰጥተኸናል» አሉ ሱጉሌ። «የመጀመሪያውን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አየነው። ሁለተኛውን ዛሬ ይዘህ መጣህ። አንተ ብትሆን የትኛውን ትይዛለህ?»

በማግስቱ ኩሬው በጠቅላላ በክሎሪን እንዲታከም ከላይ ትእዛዝ መጣ። ጫኔ መኪናው ጥላ ውስጥ ተቀመጠ።

«ዓሣዎቹን ብተዋቸው ሞተው ይንሳፈፋሉ» አለኝ። «ያኔ ዓሣ የገደለ ውሃ ማን ይጠጣል? ባወጣቸው ደግሞ መርዝ መሆኑን አውቆ ነው ያወጣቸው ይላሉ። አንተ ተምረሃል፤ ምን ይሻላል?»

«ማውጣቱ ይሻላል። ዝናቡ ሲመጣ ያስፈልጉናል» አልኩት። በመጽሐፍ ትክክል ነው።

ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። አጎበር ዘርግቶ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ከዳር እስከ ዳር እየጎተተ ዓሣዎቹን በሦስት ጀሪካን ሞላ። ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ ያያል።

«ምንድን ነው የሚንቦጫረቀው?» ሲሉ ሱጉሌ ጠየቁ።

«ዓሣዎቹን እያወጣቸው ነው» አለች ባቱሎ።

ሽማግሌው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ፊታቸውን ወደ ኩሬው አዙረው፣ ሳይጮኹ፣ «ጫኔ፣ አንተ ዓሣዎችህን አወጣህ። እኛንስ ማን ያወጣናል?» አሉ።

ክሎሪኑ ሲደፋ በአጎበሩ ሥር ሾልከው የቀሩት ዓሣዎች ሰዓት ሳይሞላ ነጭ ሆዳቸውን ሰቅለው ወጡ። ከቀትር በፊት ወረፋው ተበተነ። ሴቶቹ አህዮቻቸውን እየነዱ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ ሄዱ፤ የከብት ሬሳ በተኛበት ዳር። ጫኔ እየተከተለ ለመነ። አንዷ ድንጋይ አነሣች፤ አልወረወረችውም።

ያኔ ተመልሶ ኩሬው ዳር ተቀመጠ። በጣሳ ቀድቶ በሰው ፊት ጠጣ። «ከዚህ አልነሣም፤ ሌላ ውሃም አልቀምስም። የምሞት ከሆነ እዩኝ» አለ። እኔ ሁለት ታማሚዎች ጭኜ ጅጅጋ መሄድ ነበረብኝ፤ ሄድኩ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ እዚያው ነበር፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ። ጀሪካኖቹ አጠገቡ ናቸው። ዓሣዎቹ አልቀው ነበር፤ ውሃቸው የሚቀየርበት ክሎሪን የሌለው ውሃ አልነበረም። ኋላ ዝናቡ ሲመጣ ደምበል ውስጥ በወባ የታመሙትን ቁጥር በእጄ ጽፌያለሁ፤ ያን ጠዋት ግን ስለዚያ ያሰበ አልነበረም። የአተት ሕክምና ድንኳኑ ሞልቶ ሰው በምንጣፍ ላይ ደጅ ተኝቷል፤ አብዛኞቹ ከጉድጓዱ የጠጡ ናቸው።

ባቱሎ ባዶ ጀሪካን ይዛ መጣች። ለእኔ ሰላምታ አልሰጠችም። ጫኔ ፊት ቆመች።

«ስንት ቀን ጠጣህ?»

«ዛሬ ሦስተኛዬ።»

ጎንበስ ብላ የእጁን ጀርባ ቆነጠጠች፤ ድንኳኑ ውስጥ ነርሶቹ ሲያደርጉ እንዳየችው። ቆዳው ወዲያው ተመለሰ። ሌላኛውንም እጅ ቆነጠጠች።

«ሱጉሌን ዛሬ ጠዋት ቀበርነው» አለች።

ጫኔ አፉን ከፈተ።

«ዝም በል። አንተ ብዙ ተናግረሃል።»

ወደ ውሃው ወርዳ ቀዳች። ቀስ ብላ ሞላችው፣ ከደነችው፣ ዳር አወጣችው። ከጥላው ሥር ሁለት ሴቶች አህያ ይዘው ቆመው ያዩዋታል።

«ና፣ አሸክመኝ» አለችው።

ለመነሣት ሞከረ፤ መልሶ ተቀመጠ። ልረዳው ስራመድ ባቱሎ በእጇ ከለከለችኝ። ጀሪካኑን መሬት አስቀምጣ፣ ራሱ እስኪነሣ ድረስ ቆማ ጠበቀችው።