የጋሽ ሚሊ አራት ጣት

ልብስ ሰፊው ጋሽ ሚሊ ይህን ስም ያገኘው በአርባ ዓመት ሥራው አንዲት ሚሊ ሜትር ስቶ ስለማያውቅ ነው። ሰፈሩ እንደሚያወራለት ከሆነማ፣ ሰው ገና በሩ ላይ ሲያልፍ ወገቡን በዓይኑ ለክቶ፣ ምሳውን ስንት ጉርሻ እንደጎረሰ ጨምሮ ይነግረዋል። ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሠርጋቸው ፎቶ ላይ ከከረባቱ ጎን የተንጠለጠለችውን ቢጫ ሜትር እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለችለትም።

ታዲያ ከሱቁ መቶ እርምጃ ላይ አዲስ የባቡር ጣቢያ ተከፈተ። ሰፈሩ በደስታ አበደ። ከጣቢያው አጠገብ ሰፊ ግቢ ያለው ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር እንኳ ያለ ጉዳዩ ሁለት ጣቢያ ሄዶ መመለስ ጀመረ። የቤቶች ቢሮ ግን “ከጣቢያው ጎን ባለ ስምንት ፎቅ መኖሪያ እንሠራለን” ሲል ደስታው ቀጥ አለ። ሰፈሩ ባቡሩን የፈለገው እሱን እንዲወስድለት እንጂ ሌላ ሰው እንዲያመጣበት አልነበረም።

ዳይሬክተሩ ዘጠኝ ዓመት ከግቢው አጥር ሥር ያልተነቃነቀች መኪናውን ትቶ ሱቁ ከተፍ አለ።

“ፀሐዬን ሊነጥቁኝ ነው! ሦስት ፎቅ ላይ ይቁም ብለን አቤት ልንል ነው። ማስረጃ ግን ያስፈልጋል። ጥላውን ለካልኝ።”

“ያልተሠራ ሕንፃ ጥላ?”

“አንተ እኮ ያልመጣ ደንበኛ የምትለካ ሰው ነህ!”

ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል ልብስ ሰፊ ገና አልተፈጠረም። ጋሽ ሚሊ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሕንፃው የሚቆምበት ሜዳ ላይ የአንድ ሜትር ዱላ ተከለ፤ ተንበርክኮ የዱላዋን ጥላ ለካ፤ ሕንፃው ሃያ አምስት ሜትር ነው ስለተባለ በሃያ አምስት አባዛው። ውጤቱ ጉድ ነበር። ጥላው አጥሩን ዘሎ፣ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ፣ መኪናዋ ላይ ይጋደማል! ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ሳመው። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው አብጦ፣ ዶሮዎች በጠራራ ቀትር ቆጥ ሊወጡ፣ ሕፃናትም ፋኖስ ይዘው ትምህርት ቤት ሊሄዱ ሆነ።

አቤቱታው የሚሰማበት ስብሰባ አንድ ቀን ሲቀረው የጋሽ ሚሊ ልጅ መጣች። ነርስ ናት። ከከተማው ጫፍ በሁለት አውቶቡስ ተጋፍታ ሥራ ትገባለች፤ ልጆቿን የምታውቃቸው አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ነው።

“አባዬ፣ ቤት ደረሰኝ! እዚሁ ጣቢያው ጋ፣ ሰባተኛ ፎቅ! ከእንግዲህ ልጆቹ ካንተ ጋር ነው የሚውሉት።”

ጋሽ ሚሊ በከንፈሩ የያዛቸውን ስፒሎች ሊውጣቸው ምንም አልቀረው።

“ሕንፃው ሦስት ፎቅ ላይ ቢቆምስ?”

“እኔ ቀረሁ ማለት ነዋ! ምነው?” አለችና የስፌት መኪናው ላይ የተዘረጋውን የልኬት ደብተር አየች። አገላበጠችው። “አባዬ፣ እዚህ ‘ሲደመር አራት ጣት’ የምትለው ምንድን ናት?”

“የስፌት ነቻ። ለስፌት አራት ጣት ሳላተርፍ ለክቼ አውቃለሁ?”

“ጥላ ምን ስፌት አለው?”

ጋሽ ሚሊ ክው አለ። እጁ አርባ ዓመት የለመደውን አድርጓል፤ በዱላዋ ጥላ ላይ የጨመራት አራት ጣት ሃያ አምስት ጊዜ ተባዝታ ሁለት ሜትር ወልዳለች። እውነተኛው ጥላ አጥሩ ሥር ሲደርስ ያበቃል።

ዝም ቢል ስሙ እንዳማረበት ይኖራል፤ ልጁ ግን ቤቷን ታጣለች። እሷ ደግሞ ተናገርልኝ አላለችም። ግንባሩን ስማው ወደ አውቶቡሷ ሮጠች፤ ይኸኛው ነው አንጀቱን የበላው።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም አለ። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን እንደ ባንዲራ እያውለበለበ፣ “የለካው ሚሊ ነው፤ ሚሊ!” አለ። “ይህ ሰው ሲሳሳት ያየ ካለ እጁን ያውጣ!”

አንድ እጅ ብቻ ወጣ። የጋሽ ሚሊ ነበር።

“እኔ አይቻለሁ” አለ ላቡን በሜትሩ ጫፍ እየጠረገ። “ጥላውን እንደ ኮት ለስፌት አራት ጣት ጨምሬ ለክቼዋለሁ። አጥሩን አያልፍም።”

“ምን ነካህ አንተ ሰውዬ!” አለ ዳይሬክተሩ።

የቤቶች ቢሮ መሐንዲሷ የራሷን ወረቀት አየችና፣ “ከእኛ ልክ ጋር ገጠመ” አለች። አዳራሹ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ አቤቱታ ላይ አይፈርምም። ስምንቱ ፎቅ እንዳለ ጸደቀ።

በነጋታው ግማሹ ሰፈር ጠባብ ሱሪውን ታቅፎ ሱቁ በር ላይ ተሰለፈ። ለካስ ማንም አልወፈረም፤ ሚሊ ነው የተሳሳተው! ጋሽ ሚሊ ጥርሱን ነክሶ የሁሉንም ወገብ አሰፋ።

ዛሬ ሕንፃው ቆሟል። ልጁ ሰባተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ሆና “አባዬ፣ ምሳ!” ብላ ስትጣራ ባቡሩ ራሱ ይደነግጣል። በሙቀት ወራት ከቀኑ በአሥር ሰዓት ጥላው አጥሩ ሥር ይደርስና፣ በሜትር እንደተለካ ልክ እዚያው ቀጥ ይላል። ጋሽ ሚሊ የልጅ ልጆቹን ይዞ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ዳይሬክተሩ ከግቢው ውስጥ ላብ አጥምቆት፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግጋል።

“አንተ ጨካኝ፣ ያቺን አራት ጣት ምን ነበር ባትቀንሳት!”

“ወንበርህን ይዘህ ውጣ” ይለዋል ጋሽ ሚሊ፣ ትንሿን ልጅ ጉልበቱ ላይ እያስተካከለ። “እዚህ ትርፍ ቦታ አለ።”