ለማራቶኑ የተሠራልኝ ሒሳብ

ባለፈው ዓመት ማራቶኑን ሳልጨርስ መኪና ጭኖኝ ነቀምቴ ገባሁ። አምስት ሰዓት ከተሮጠ በኋላ መንገዱ ለተሽከርካሪ ስለሚከፈት ወደኋላ የቀረነውን ይሰበስቡናል። ባለቤቴ እግሬን አጥባ አስተኛችኝ። ሐኪሙ ግን ጉልበቴን አይቶ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ይሩጡ፤ ከዚያ ይበቃዎታል» አለኝ። እንግዲህ በገዛ እግሬ ለመግባት የቀረኝ አንድ ዕድል ነበር።

አብሮኝ የሚሮጠው ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ያረጀ። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ሒሳብ የሱ ነው። ለልምምድ ከነቀምቴ ጉቴ ከተማ ደርሰን የተመለስንበትን የግማሽ ማራቶን ሰዓቴን እጥፍ አደረገው፤ ከአምስት ሰዓት አነሰ።

«ይኸው፣ ገባሁ!» አልኩት።

«ቆይ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! ለወጣት ነው እጥፉ ላይ ጥቂት ጨምረህ የምትተወው። በኛ ዕድሜ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ወዲያ ሌላ አገር ነው።»

«ኧረ እግሬ ደህና ነው።»

«እግርህ እንደ ምላስህ ቢሆንማ ሒሳብም ባላስፈለገን።»

ግማሽ ሰዓት ገደማ ጨመረበት። «ትገባለህ። ቆሞ ውኃ መጠጣት ግን የለም» አለኝ።

በሩጫው ቀን እንዳለኝ ሮጥኩ። እሱ ጉልበት አለውና ቀድሞኝ ሄደ። ማራቶኑ ከጉቴ ርቆ ነው የሚዞረው፤ በመልሱ፣ ጉቴን ካለፍኩ በኋላ፣ ሬሳ የተሸከሙ ሰዎች ከፊቴ መጡ። የሞተው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌ ሆኖ ሬሳ እያየ ሮጦ የሚያልፍ እኛ ዘንድ የለም። ቆቤን አውልቄ ቆምኩ፤ ከዚያም እንደ ወጉ ዞሬ ጥቂት መንገድ ሸኘሁ። ከኋላ የምታለቅስ አንዲት ሴት ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አየችና እያመሰገነችኝ፣ «ገለቶማ አባ፣ ይሂዱ በቃ» አለችኝ።

መልሼ ልሮጥ ስል ጉልበቴ ደርቋል። ከተማው እየታየኝ መኪናው ደረሰብኝ። ሾፌሩ ወርዶ በሩን ከፈተልኝና ለመነኝ። «ማሎ አባ፣ ይግቡ።» ገባሁ።

መምህሩ መጨረሻው ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የሆነውን ነገርኩት።

«እነሱን ባታገኝ ትገባ ነበር» አለ። ከዚያም፣ «ማን ነው የሞተው?» አለኝ።

«አልጠየቅኩም።»

በማግስቱ በሚኒባስ ጉቴ ሄደን ለቅሶ ደረስን። ሴትዮዋ ባሏን ነበር የቀበረችው። ገና ስታየኝ አወቀችኝ።

«አባ፣ ትናንት ገቡ?»

መምህሩ ቀደመኝ። «ገብቷል» አላት።

እኔም ራሴን ነቀነቅኩላት።