«ኖር» ብለን ባሕር ገባን

ዛሬ እትዬ አስካለን ፊታቸው ላይ በቡጢ መታኋቸው። ባልመታቸው ሁለታችንም ሰጥመን ነበር።

እዚህ ዐረብ ሀገር፣ አል ኹዌር በሚባል ሰፈር ቢሮ የምናጸዳ ስድስት ሴቶች በእረፍት ቀናችን ከባሕሩ ዳርቻ ራቅ ብለው ያሉትን ደሴቶች ለማየት በትንሽ ጀልባ ሄድን። አሸዋው ነጭ፣ ኤሊዎቹ ትልልቅ፤ ደስ ብሎን ዋልን።

ልንመለስ ስንል ነፋሱ ተነሳ። ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሳ ይጥላት ጀመር። እኛ ቀድመን ተቀምጠናል፤ ታላቃችን እትዬ አስካለ መጨረሻ መጡ።

እግራቸው ጠርዙን ሲረግጥ ሁላችንም «ኖር» ብለን ብድግ አልን። ጀልባ ላይ ለታላቅ እንደማይነሱ ማን ነግሮን።

ባለጀልባው «ማፊ፣ ማፊ»፣ አይሆንም እያለ በዐረብኛ ጮኸ፤ ግን አልደረሰልንም። ጀልባዋ ወደ አንድ ጎኗ አዘነበለች። እሳቸውና እኔ ባሕር ውስጥ ወደቅን።

ማዕበሉ ከጀልባዋ ጋር አላተማቸው፤ ግንባራቸው ተፈነከተ። በድንጋጤ አንገቴን አንቀው ወደ ታች ጎተቱኝ። ጨዋማው ውሃ ጉሮሮዬን ሞላው። ያኔ ነው በቡጢ ያልኳቸው።

እጃቸው ሲላላ ባለጀልባው ጸጉራቸውን ይዞ ጎትቶ እንደ ጆንያ ጀልባዋ ላይ ጣላቸው። እኔንም በክንዴ አወጣኝ።

ደማቸውን እየጠረጉ «ማነው የመታኝ?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ግድ የለም ልጄ። ሊገድለኝ የነበረው አክብሮታችሁ ነው።»

አሁን ያበጠ ዓይናቸው ላይ በረዶ ይዤላቸዋለሁ። እናንተስ፣ ሀገር ቤት የለመዳችሁት ጨዋነት ጉድ የሠራችሁ ቀን የለም? ጻፉልኝ፤ እያነበብኩ ላስቃቸው።